የዕጩ ተወዳዳሪ የሕይወት ታሪክ፦ የፎገራ መራጭ ምን ሊጠይቅ ይገባል?

ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ቀለሙን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ ጫንቃውን ዳስሶ ቀንበር የለመደ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ባለቤቱ ለምን እንደሚሸጠው ይጠይቃል። ቢቻል ጠምዶ ሲያርስ ማየት ይወዳል። በምርጫ ወቅት ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው ለ5 ዓመት የሚወክለውን ግለሰብ በስሙና በፓርቲው መለያ ምልክት ብቻ አውቆ ካርዱን ሊጥል ይችላል።

በወረታ ከተማ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ በየምርጫው የዕጩዎች ማስታወቂያ መለጠፉ የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ ኃላፊነት ይዘረዘራል። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ጥቂት መስመሮች ምን እንደሚናገሩ፣ ምን እንደሚያስቀሩ፣ ሕጉ ከዕጩ ምን እንደሚጠይቅና የፎገራ ሜዳ ነዋሪ በሕጉ ላይ ጨምሮ ምን መጠየቅ እንደሚችል ያብራራል።

ሕጉ የሚጠይቀው

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ የመምረጥ መብት አለው። ለመመረጥ ግን ሕጉ ከፍ ያለ ዕድሜ ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 ዕጩ ሆኖ የሚቀርብ ሰው ኢትዮጵያዊ እንዲሆን፣ ዕድሜው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲሆን፣ የክልሉን ወይም የሚወዳደርበትን አካባቢ የሥራ ቋንቋ እንዲያውቅና መብቱ በሕግ ያልተገደበ እንዲሆን ደንግጓል። ዕጩው ከሚወዳደርበት የምርጫ ክልል ጋር ያለው የነዋሪነት ትስስርም ይታያል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሀብት መጠን የለም፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪም የለም። ስለዚህ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ፣ በወረታ ሱቅ ያላት ነጋዴ፣ መምህርም ሆነ የእንስሳት ሐኪም በሕግ ፊት እኩል ዕጩ መሆን ይችላሉ። ሕጉ በሩን የሚከፍተው በሰፊው ነው። ከገቡት መካከል መምረጡን ለመራጩ ትቶታል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ ከ550 የማይበልጡ አባላት ይኖሩታል፤ አሁን ያሉት የምርጫ ክልሎች 547 ናቸው። ከእነዚህም 138ቱ በአማራ ክልል ይገኛሉ። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ለዚህ ምክር ቤት የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ግማሽ ድምፅ ማለፍ አይጠበቅበትም። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች ስላሉት ለክልሉ ምክር ቤት ከአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካይ ይላካል። በመሆኑም አንድ መራጭ በአንድ ቀን ለሁለት የተለያዩ ምክር ቤቶች ስለሚወዳደሩ ሰዎች ይወስናል።

ከመሬት ባለቤትነት ወደ ዜግነት

ዕጩ ማን ሊሆን እንደሚችል የሚወስነው መለኪያ በዘመናት መካከል ብዙ ተለውጧል። በ1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል ምክንያት ተራው ገበሬ መራጭም ተመራጭም አልነበረም።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ምርጫን አስተዋወቀ። የመጀመሪያውም ምርጫ በ1949 ዓ.ም. ተካሄደ። በዚያን ጊዜ ዕጩው በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላ፣ በሚወዳደርበት አካባቢ የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የምርጫው ሕግ የንብረቱን መጠን የማይንቀሳቀስ ከሆነ 1,000 ብር፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ 2,000 ብር ብሎ ወስኖት ነበር። ይህም በዘመኑ ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ጭሰኛውና ደሃው ገበሬ ድምፅ መስጠት ቢችሉም ራሳቸው ዕጩ ለመሆን መንገዱ ተዘግቶባቸው ነበር። የፖለቲካ ፓርቲም ስላልነበረ እያንዳንዱ ዕጩ የሚቆመው በራሱ ስም፣ በቤተሰቡ ዝናና በሀብቱ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ የተደረገው ምርጫ ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። 835 መቀመጫዎች ለነበሩት ሸንጎ በአንድ መቀመጫ እስከ 3 ዕጩ ሊቀርብ ቢችልም አገሪቱን የሚመራው ፓርቲ አንድ ብቻ ነበር። የንብረት መለኪያው ቀርቶ የፓርቲ ታማኝነት ተተካ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለቱንም መለኪያዎች ከሕግ አውጥቶ ዜግነትን መነሻ አደረገ። ሀብትና የፓርቲ ወገንተኝነት በሕግ ቅድመ ሁኔታ መሆናቸው ቢቀርም በተግባር ክብደት እንዳላቸው ይታወቃል። ለዚህ ነው የዕጩን ታሪክ መመርመር የመራጩ ሥራ ሆኖ የቀረው።

ሰንዱ ገብሩ፦ በሥራ የተሞላ ታሪክ

በ1949ኙ ምርጫ ከተመረጡት መካከል ወይዘሮ ሰንዱ ገብሩ ይገኙበታል። በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ናቸው፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አባታቸው በአፄ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከንቲባ የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በዚያ ዘመን የአባት ስም ትልቅ ስንቅ ስለነበረ ሰንዱ በአባታቸው ዝና ብቻ ቢታወቁ የሚገርም አልነበረም።

የእርሳቸው ታሪክ ግን ከአባታቸው ስም አልፎ ይሄዳል። በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ተምረዋል። ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈዋል፤ ተይዘውም በጣሊያን አሲናራ ደሴት ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት መርተዋል፤ ቴአትርና መጽሐፍም ጽፈዋል። ለምርጫ ሲቀርቡ መራጩ ሊመዝነው የሚችል፣ በብዙ ሰው ፊት የተሠራ ሥራ ነበራቸው፤ በችግር ጊዜ የት እንደቆሙ፣ የሌሎች ልጆች አደራ በእጃቸው ሲገባ እንዴት እንደያዙት የሚታወቅ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። የትውልድ ቦታና የቤተሰብ ስም ዕጩው ከየት እንደተነሣ ይናገራሉ። ዕጩው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚናገረው ግን የሕዝብ ጉዳይ በእጁ በነበረ ጊዜ ያደረገው ነው።

በቅርብ ዓመታት የታዩ ምሳሌዎች

በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው አራተኛው ጠቅላላ ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወስደዋል። ከቀሩት ሁለት መቀመጫዎች አንዱን በአዲስ አበባ የመድረክ ዕጩ የነበሩት አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ሌላውን ከከፋ ዞን በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ አገኙ። በግል የሚወዳደር ዕጩ ከጀርባው የፓርቲ መዋቅር ስለሌለው መራጩ የሚያየው የእርሱን ስምና ታሪክ ብቻ ነው። በዚያ ምርጫ በመላ አገሪቱ በግል ያሸነፈው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ በራስ ስም ብቻ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ 410፣ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ዕጩዎች ደግሞ 4 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ አግኝተዋል። ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ባሕር ዳር የተመረጡት ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ የንቅናቄው የመጀመሪያ ሊቀመንበር ነበሩ። ወደ ፖለቲካ የመጡት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከማስተማር ሲሆን፣ በአፈር መሸርሸርና በተፋሰስ ላይ የታተሙ ጥናቶችም አሏቸው። አንድ መራጭ በፖለቲካ አቋማቸው ቢስማማም ባይስማማም፣ እንዲህ ያለ የሥራ ታሪክ ዕጩውን ስለ ደለልና ስለ ጎርፍ በሚገባቸው ቋንቋ ለመጠየቅ መነሻ ይሰጣል።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ጋይንት ይዘልቃል። ጋይንት የዶክተር አምባቸው መኮንን የትውልድ አካባቢ ነው። ዶክተር አምባቸው በደቡብ ኮሪያና በእንግሊዝ አገር ተምረዋል፤ በፌዴራል መንግሥት በሚኒስትርነት ሠርተዋል፤ በየካቲት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ሆኑ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር በተፈጸመባቸው ጥቃት ሕይወታቸው አልፏል። ሹመታቸው ሌላም ነገር ያስታውሳል፦ ርእሰ መስተዳድርን የሚሰይመው መራጩ በቀጥታ አይደለም፤ የክልሉ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ለክልል ምክር ቤት የሚላክ ሰው በእጁ ትልቅ ውሳኔ እንደሚገባ መራጩ ማወቅ አለበት።

ሜዳው የሚጠይቀው

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጠጡትና አንዳንዴም የሚያጥለቀልቁት ምድር ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሜዳው ይበልጥ የሚታወቀው በፎገራ ከብት ነበር። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ በደራ ወረዳ ጅግና እና በፎገራ ወረዳ ሻጋ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተጀመረው የሩዝ ልማት የአካባቢውን ኑሮ ለወጠው። ብዙ ገበሬ የዘራው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቦታ ነው። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል።

ለውጡ ጥያቄዎችን ይዞ መጥቷል። ሩዙ የግጦሹን መሬት ስለያዘው የፎገራ ከብት ጠብቧል። በሐይቁ ዳርቻ እምቦጭ ግጦሹንና የዓሣ ማስገሪያውን አጥቅቷል። በርብና በጉማራ ዳር በፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬ ምርቱ በአንድ ጊዜ ገበያ ሲወጣ ዋጋ ይወድቅበታል። ከውጭ የሚገባው ሩዝ ከፎገራ ሩዝ ጋር በአንድ መደብር ይሸጣል፤ ዋጋውና ጥራቱ የመፈልፈያ ማሽኑን ባለቤትም የገበሬውንም ገቢ ይነካል። የርብ ግድብ ውኃ ለማን፣ በምን ተራና በማን አስተዳደር ይደርሳል የሚለውም የሁልጊዜ ጉዳይ ነው።

አንድ ዕጩ «ከገበሬ ቤተሰብ ተወልጄ አድጌአለሁ» ሲል እነዚህን ጉዳዮች ያውቃቸዋል ማለት ላይሆን ይችላል። ከሜዳው ርቆ የተወለደ ሰው ጉዳዩን በሥራው አውቆት ሊሆን ይችላል፤ በሜዳው የተወለደውም ከልጅነቱ በኋላ ተመልሶ ያላየው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትውልድ ቦታ ከተነገረ በኋላ «ከዚያስ ወዲህ?» የሚለው ጥያቄ መከተል አለበት።

የትኛው መቀመጫ ምን ይችላል?

የዕጩን ታሪክ በትክክል ለመመዘን የሚወዳደርበትን መቀመጫ ሥልጣን ማወቅ ያስፈልጋል። የተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል መንግሥቱን ሕግ ያወጣል፤ በጀቱንም ያጸድቃል። የውጭ ንግድና ጉምሩክ፣ የመሬት አጠቃቀምን የሚመለከት ሕግ ማውጣት፣ ክልሎችን የሚያስተሳስሩ ወይም ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆች ጉዳይ በፌዴራል ሥልጣን ሥር ናቸው። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ ሩዝ ቀረጥን የሚመለከት ጥያቄ ለዚህ ዕጩ ይቀርባል።

የክልሉ ምክር ቤት የክልሉን በጀትና ሕግ ይወስናል። መሬትን በፌዴራል ሕግ መሠረት ማስተዳደር የክልሉ ሥራ ስለሆነ የይዞታ ደብተር፣ የኪራይ ውልና የካሳ አፈጻጸም ጥያቄ ወደ ክልሉ ዕጩ ያመራል። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ደግሞ የራሳቸው ምርጫ አላቸው፤ ለምሳሌ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ተካሂዷል። የገጠር መንገድ ጥገና፣ የጤና ኬላና የግብርና ጽሕፈት ቤት የዕለት ሥራ ለገበሬው የሚቀርበው በዚህ ደረጃ ነው።

ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው የአንድ ቀበሌ ድልድይ እንደሚያሠራ ቃል ቢገባ መራጩ «በየትኛው ሥልጣን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ዕጩውን ለማሳፈር የሚቀርብ አይደለም። ዕጩው የሚፈልገውን ሥራ ያውቀው እንደሆነ ለመለየት ይጠቅማል።

ታሪክን የሚያጣሩ ጥያቄዎች

ዕጩዎች ከመራጮች ጋር በሚገናኙባቸው መድረኮች የሚከተሉት ጥያቄዎች የሕይወት ታሪክን ከማስታወቂያ ወደ መረጃ ይለውጡታል።

የመጀመሪያው ስለ ኃላፊነት ነው። ዕጩው የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የዕድር፣ የትምህርት ቤት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከነበረ በዘመኑ ምን ተጀመረ፣ ምን ተጠናቀቀ፣ ሂሳቡስ ለአባላቱ ቀርቧል? ማኅበር የመራ ሰው የማኅበሩ አባላት በሕይወት ያሉ ምስክሮች ናቸው።

ሁለተኛው ስለ ትምህርት ነው። ዲግሪ ሲጠቀስ በምን ትምህርትና ለምን ሥራ እንደዋለ መጠየቅ ተገቢ ነው። የግብርና ዲፕሎማ ያለው ሰው ሦስት ክረምት ከገበሬ ጋር ማሳ ላይ ከዋለ ዕውቀቱ ተፈትኗል። የትልቅ ዲግሪ ባለቤትም ዕውቀቱን ለሕዝብ አገልግሎት ካዋለው ታሪኩ ይናገራል።

ሦስተኛው ስለ ጥቅም ነው። ዕጩው በሩዝ ንግድ፣ በመፈልፈያ፣ በማዳበሪያ አቅርቦት ወይም በመሬት ላይ ያለው የግል ጥቅም ምንድን ነው? ጥቅም መኖሩ ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው።

አራተኛው ስለ ውሳኔ ነው። ቀድሞ ተመርጦ የነበረ ከሆነ በምክር ቤት ምን ጠየቀ፣ በምን ጉዳይ ድምፅ ሰጠ፣ ለመራጩስ ተመልሶ ምን ሪፖርት አቀረበ?

አምስተኛው የፎገራን ኑሮ ከምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ ጋር የሚያገናኝ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴና አብዛኛው መስከረም የምክር ቤቱ ዕረፍት ነው። በፎገራ ደግሞ ይኸው ጊዜ ሩዙ የሚታረምበት፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ከዳር የሚወጡበት፣ ሰውና ከብት ወደ ከፍታ ቦታ የሚሸሽበት ነው። ስለዚህ ለተሰናባቹም ሆነ ለአዲሱ ዕጩ የሚቀርበው ግልጽ ጥያቄ «ያለፉትን ነሐሴዎች የት አሳለፍክ?» የሚል ነው። ምክር ቤቱ ሳይሰበሰብ ሜዳው በጎርፍ ሲያዝ፣ ተወካዩ ከመራጮቹ ጋር እንዳይሆን የሚከለክለው ስብሰባ የለም።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ አመቺው ጊዜ የቅስቀሳው ወቅት ነው። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት 4 ቀናት የጥሞና ጊዜ ስለሆኑ ቅስቀሳ ይቆማል። በእነዚያ ቀናት ዕጩው አይናገርም፤ መራጩ የሰማውን ያገናዝባል።

ከምርጫ በኋላ

የዕጩ ታሪክ በድምፅ ቆጠራ አያበቃም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው መሆኑን ይደነግጋል። የመራጩን አመኔታ ያጣ ተወካይም በሕጉ መሠረት ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል በዚሁ አንቀጽ ተጽፏል። ስለዚህ በቅስቀሳ ወቅት የተነገረው የሕይወት ታሪክና ቃል ተመዝግቦ ቢቀመጥ ከ5 ዓመት በኋላ ለሚደረገው ምርጫ ዋና ማስረጃ ይሆናል።

ይህን መዝገብ ለመያዝ ልዩ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። በቀበሌው ያለ መምህር፣ የዕድር ጸሐፊ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ያዥ ዕጩው በየትኛው ቀን ምን እንደተናገረ በደብተር ሊያሰፍር ይችላል። በሬ የገዛ ገበሬ የሻጩን ስም፣ የከፈለውን ዋጋና የምስክሮቹን ስም ጽፎ ይይዛል። ለወኪሉ የሰጠው ድምፅም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም።